የግል ጉዳይ

ሰኔ ሲገባደድ፣ በጀት ሲዘጋብኝ፣
አሥራ ስምንት ብር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።
ከዶሴ ወደ ዶሴ፣ ከገጽ ገጽ ባሳድደው
አንዴ ከወጪ ነው፣ አንዴ ከገቢ ነው፣
እንደ አምባዛ ሙልጭልጭ።
ከቢሯችን መስኮት ጣና ይታያል ይላሉ፤
እኔ ያየሁት ግን መደርደሪያ ነው ሁሉ።

"ጎርጎራ እንሄዳለን" ብዬ ነበር አምና፣
ካቻምናም ብያለሁ፣ ዘንድሮም እንደገና፤
በመርከብ፣ ሙሉ ቀን፣ ደሴት እየቆጠርን፣
ማታ በድንኳን ውስጥ ጉማሬ እየሰማን።
ካቻምና ኦዲተር መጣ፣
አምና የአባታቸው መኪና መተማ ላይ ጎማ አጣ፣
ዘንድሮ ፈቃዴን ሞልቼ አስገባሁ፤
"ምክንያት" ከሚለው ፊት "የግል ጉዳይ" አልሁ።
ሁለት ልጅ፣ አንድ ሐይቅ፣ በሁለት ቃል አለቀ።
ወይዘሮ አትክልት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው፣
"ሂሳቡ ሲዘጋ" ብላ በቀይ ጻፈችው።

ናሁሰናይ ግን ስካውት ከገባ ወዲህ
ቀጠሮ ያከብራል፤ ከማን እንደወረሰው እንጃ።
ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ስካርፉን አሥሮ በር ላይ ቆመ፣
ትህትና የእሱን አሮጌ ቆብ ደፍታ ከኋላው፣
እኔ ከሁለቱ ኋላ፣ በባጃጅ፣ ዳቦና ውሃ አቅፌ፣
ግማሽ ፀጉሬን ብቻ አበጥሬ።

እምቦጭ ሊነቅሉ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበት።
እኔ በቢሮ ጫማ። ስልኬ ከደረቴ ሥር
እንደ ጫጩት ይንጫጫል፦
"እህታለም፣ አሥራ ስምንቷስ? ተገኘች?"
"እየፈለግሁ ነው" እላለሁ፣ እምቦጭ ይዤ በግራ እጄ።
አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል፣
ልክ እንደ እኔ "እሺ"፤
ሥሩ ነው ጉዱ፣ ከታች ተቆላልፎ
ታንኳ አያሳልፍም።

ጋሽ ይትባረክ፣ የስካውቶቹ መሪ፣
"ታንኳዋን እሰሩ" ቢል፣
ልጄ ገመዱን ለእኔ አቀበለኝ፣ በሰው ፊት።
አሰርሁ፤ ጆንያ እንደማስረው፣ የጫማ ክር እንደማስረው፣
በጥድፊያ።
ታንኳዋ ጥቂት አሰበች፣
ከዚያ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ቀስ ብላ ሄደች።

ሃያ ስካውት ሳቀ። ከደንገሉ ውስጥ ወፍ ተነሣ።
ናሁ እስከ ደረቱ ገብቶ ጎትቶ መለሳት፣
እሱ አልሳቀም። ጣቶቼን በጣቶቹ ይዞ
"ቀስ በይ" አለኝ፣ እንደ አባት፣
"ይሄኛው ጫፍ በዚያኛው ቦታ፣ ያኛው በዚህኛው።
አሁን ተለዋወጡ። አየሽ?"

አየሁ።
ሃምሳ ሦስቱን ሠላሳ አምስት ብዬ ነው!
ገጽ አርባ ላይ፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ሁለት ቁጥሮች
ቦታ ተለዋውጠው ነው ሳምንት ሙሉ ያስለቀሱኝ።
ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለ
የተገለባበጠ ነገር አለ ብለው አስተምረውኝ ነበር፤
የት ጥዬው እንደነበር እንጃ።

ስልኩ ደረቴ ውስጥ፣
ገመዱ በእጄ።
"ድገሚው" አለኝ ልጄ። ደገምሁት።
ቢሮው እስከ ሰኞ ይፈልግ።

ማታ ትህትና ወንበር ላይ ቆማ፣
ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ
ጳጉሜን ሦስትን በእርሳስ ከበበች።
(ደመወዝ የማይከፈልበት ወር ስለሆነ
ለማንም አልተሸጠም ብያት ነበር።)
ከጎኑም ጻፈች፦ "የእማዬ ቋጠሮ። ጎርጎራ።"
ቀጠሮ ማለቷ ነው።
ላርምላት ብዕር አነሣሁ። ቀይ ሆነብኝ። መለስሁት።

የናሁ ደብተር ጠረጴዛው ላይ፣ ጭቃ የነካው ገጽ፣
ሁለት ገመድ ስሎ፣ ከሥሩ አንድ መስመር፦
"ይህ ቋጠሮ ሲጎተት ይጠብቃል።"
ላልቶ ይነበብ ጠብቆ፣ ምልክት አላደረገበትም።
ሁለቴ አነበብሁት፣
አንዴ እንደ ገመድ፣
አንዴ እንደ ልጅ።